ጨዋታው ልጁን በምን ያውቀዋል? ለእያንዳንዱ ተማሪ «ይስተካከላሉ» የሚባሉት የኮምፒውተር ጌሞች ከውስጥ ሲታዩ

ደቡብ ኮሪያ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2025 መጋቢት ወር በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠራ ዲጂታል መማሪያ መጽሐፍ ወደ ክፍል አስገባች። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) የጀመረችው በሒሳብ፣ በእንግሊዝኛና በኮምፒውተር ትምህርት ነበር። ተስፋው ትልቅ ነበር። መጽሐፉ የእያንዳንዱን ተማሪ አቅም እያየ ጥያቄውን ለእሱ ልክ ያደርጋል ተባለ። አምስት ወር ቆይቶ፣ በነሐሴ፣ የአገሪቱ ምክር ቤት የመማሪያ መጽሐፍነት ደረጃውን በሕግ አነሳው። አሁን የፈለገ ትምህርት ቤት ብቻ የሚጠቀምበት አጋዥ መሣሪያ ነው። መምህራን ሥራ በዛብን ሲሉ፣ ወላጆች ልጆቻችን ስክሪን ላይ ሊውሉ ነው ሲሉ፣ ብዙዎችም ነገሩ በጥድፊያ ተሠራ ሲሉ ከርመው ነበር።

እንዲህ ያለ ዜና ሲሰማ ክርክሩ ቶሎ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ወገን ስክሪን ልጅ አያስተምርም ብሎ ይደመድማል። ሌላው ጥፋቱን ከቴክኖሎጂው አውርዶ አጠቃቀሙ ላይ ይጥላል። ወላጁ መሀል ላይ ይቀራል። ስልኩ ላይ የፊደል፣ የቁጥርና የእንግሊዝኛ ጌም ሞልቷል። ብዙዎቹም ለልጅዎ ደረጃ የተስተካከለ ነው እያሉ ያስተዋውቃሉ።

ከሁለቱ ክርክሮች በፊት መመለስ ያለበት ጥያቄ አለ። ምኑ ነው የሚስተካከለው? በምን መረጃ? ደግሞስ ለምን ዓላማ? ሦስተኛው ከሁሉም የከበደ ይመስለኛል። ልጁ ጌሙን እንዳይዘጋ የሚስተካከል አለ፤ ልጁ እንዲያውቅ የሚስተካከል አለ። ከውጭ ሲታዩ አንድ ይመስላሉ።

ምኑ ነው የሚስተካከለው?

ከሁሉም ቀላሉ ማስዋብ ነው። ጌሙ ልጁን በስሙ ይጠራዋል። የወደደውን ቀለምና እንስሳ ይሰጠዋል። ልጁን ደስ ይለዋል፣ ክፋት የለውም። ከመማር ጋር ግን ብዙም አይገናኝም።

ሁለተኛው «የመማር ስልት» የሚባለው ነው። አንዱ ልጅ በዓይኑ፣ ሌላው በጆሮው፣ ሌላው በእጁ እየነካካ ይማራል የሚል እምነት ነው። ብዙ መምህርና ወላጅ ያምንበታል። አንዳንድ አፕ ልጁን መጀመሪያ ጥቂት ጠይቆ «በዓይን የሚማር ነው» ብሎ ይመድበዋል። በ2008 ሃሮልድ ፓሽለር የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪና ባልደረቦቹ እዚህ ላይ የተሠሩትን ጥናቶች መርምረው ነበር። ልጅን በዚህ መንገድ መድቦ ማስተማር ውጤት እንደሚያሻሽል የሚያሳይ በቂ ማስረጃ አላገኙም። ሰው ምርጫ የለውም ማለት አይደለም። ሥዕል የሚወድ ልጅ አለ። የወደደው ነገር የበለጠ ያስተምረዋል የሚለው ነው ያልተረጋገጠው። እንዲህ ብሎ የሚያስተዋውቅ አፕ ካጋጠማችሁ ጠርጥሩ።

ሦስተኛው ዋናው ነው። ጌሙ ልጁ ምን እንደሚያውቅና ምን እንደማያውቅ ይገምታል። በግምቱ ተመርኩዞ ቀጣዩን ጥያቄ ይመርጣል። ክብደቱን፣ ቅደም ተከተሉን፣ ፍንጩን፣ ያለፈውን መልሶ የሚጠይቅበትን ጊዜ ይወስናል። ከዚህ በኋላ የምናወራው ስለዚህኛው ነው።

አንድ ክፍል፣ ብዙ ደረጃ

ይህ ሁሉ ድካም የመጣው ከአንድ የቆየ ችግር ነው። መምህሩ አንድ ነው፣ መጽሐፉ አንድ ነው፣ ተማሪዎቹ ግን ያሉበት ቦታ ለየቅል ነው።

ካርቲክ ሙራሊድሃራን፣ አቢጂት ሲንግና አሌሃንድሮ ጋኒሚያን የተባሉ ተመራማሪዎች በዴልሂ የመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪዎች ላይ ያሳተሙት ጥናት ችግሩን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። የስድስተኛ ክፍል ተማሪዎች በሒሳብ በአማካይ ከክፍላቸው በሁለት ዓመት ተኩል ወደኋላ ቀርተው ነበር። አንድ ክፍል ውስጥ በተቀመጡ ልጆች መካከልም የአምስትና የስድስት የክፍል ደረጃ ልዩነት ነበር። መምህሩ መጽሐፉን ተከትሎ ሲሄድ ብዙው ተማሪ የሚሰማው ትምህርት ከእሱ በላይ ነው።

እኛ ዘንድም ሁኔታው ከዚህ የተሻለ አይደለም። የዓለም ባንክ ግምት እንደሚለው በኢትዮጵያ አሥር ዓመት አካባቢ ካሉ ልጆች ወደ 90 በመቶ የሚሆኑት ቀላል ጽሑፍ አንብበው አይረዱም። የአራተኛ ክፍል መምህር የአራተኛ ክፍል መጽሐፍ ይዞ ሲገባ ፊቱ የሚቀመጠው ይህ ነው።

ልጅን ባለበት ደረጃ ማስተማር ግን ለእኛ እንግዳ አይደለም። የቄስ ትምህርት ቤት እንዲህ ነበር የሚሠራው። ልጆቹ አንድ ዛፍ ሥር ይቀመጣሉ። አንዱ ሀሁ ላይ ነው፣ አንዱ አቡጊዳ፣ አንዱ መልእክተ ዮሐንስ፣ አንዱ ዳዊት ይደግማል። የኔታ የእያንዳንዱን ያውቃሉ። ያልጸናለት ልጅ ወደሚቀጥለው አይሄድም። የጸናለትም ሌላውን አይጠብቅም። የቁርኣን ትምህርት ቤቶችም በብዛት በዚሁ መንገድ ያስተምራሉ። የዕድሜ እኩዮችን በአንድ ክፍል አስቀምጦ በአንድ ፍጥነት መንዳት ከአስኳላ ጋር የመጣ ነገር ነው። አስኳላ ብዙ ሕዝብ በትንሽ ወጪ ማስተማር አስችሏል። የከፈለው ዋጋም ይህ ነው።

በ1984 ቤንጃሚን ብሉም የተባለ አሜሪካዊ የትምህርት ምሁር ይህን ዋጋ ለመለካት ሞከረ። ለብቻው አስጠኚ የተመደበለት አማካይ ተማሪ በተለመደው ክፍል ከሚማሩት 98 በመቶውን ይበልጣል ብሎ ጻፈ። ቁጥሩ እስከ ዛሬ በየማስታወቂያው ይጠቀሳል። ሆኖም የኋላ ጥናቶች አልደገሙትም። ከርት ቫንሌን የተባለ ተመራማሪ በ2011 ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ ሲያይ ያገኘው ልዩነት ከዚያ በጣም ያነሰ ነው። ያም ቢሆን ትልቅ ነው፤ ከመቶ ተማሪ መሀል ላይ ያለውን ልጅ ወደ 78ኛ ገደማ ያወጣዋል። ቫንሌን ሌላም ነገር አገኘ። በየእርምጃው የሚከታተሉና የሚያርሙ የኮምፒውተር አስጠኚዎች ከሰው አስጠኚ ብዙም አልራቁም። የዘርፉ ሰዎች ተስፋ የሚያደርጉት በዚህ ነው። «98 በመቶ» የሚለውን የሚጠቅስ ሻጭ ግን የቆየ ወሬ ይዞ ነው የመጣው።

ጌሙ እንዴት ይገምታል?

ብዙ ሰው እዚህ ላይ አንድ ረቂቅ ነገር አለ ብሎ ያስባል። ከተለመዱት ዘዴዎች አንዱ ግን የመጣው ከቼዝ ነው። አርፓድ ኢሎ የተባለ የሀንጋሪ ተወላጅ አሜሪካዊ የፊዚክስ መምህር ለቼዝ ተጫዋቾች የነጥብ አሰጣጥ ሠርቶ ነበር። ጠንካራ ተጫዋች ካሸነፍክ ነጥብህ በብዙ ይጨምራል። ደካማ ካሸነፍክ በጥቂቱ። በደካማ ከተሸነፍክ በብዙ ይወርዳል።

በአምስተርዳም ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተሠራው «የሒሳብ አትክልት ቦታ» የሚባል የኔዘርላንድ የልጆች ጌም ይህን ሐሳብ ወሰደ። ልጁን አንድ ተጫዋች፣ ጥያቄውን ሌላ ተጫዋች አደረጋቸው። ልጁ 7 ሲባዛ በ8 የሚለውን ከመለሰ ልጁ አሸነፈ፤ ነጥቡ ይጨምራል፣ የጥያቄው ይቀንሳል። ከተሳሳተ ጥያቄው አሸነፈ። ብዙ ልጆች ሲጫወቱ እያንዳንዱ ጥያቄ ምን ያህል እንደሚከብድ በራሱ ጊዜ ይለያል። ባለሙያ ቁጭ ብሎ ይህ ከባድ ያ ቀላል እያለ መመደብ የለበትም። ስሌቱ ጥቂት መደመርና ማባዛት ስለሆነ ርካሽ ስልክ ላይ ይሠራል። የጥያቄዎቹ ክብደት ከታወቀ በኋላ ኢንተርኔትም አይፈልግም።

ሌላው ዘዴ ከአሜሪካው ካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ነው የወጣው። አልበርት ኮርቤትና ጆን አንደርሰን በ1990ዎቹ አጋማሽ ያቀረቡት ነው። እዚህ ልጁ አንድ ጠቅላላ ነጥብ የለውም። ለእያንዳንዱ ችሎታ ለብቻው «ይህን የማወቁ ዕድል ስንት ነው?» ተብሎ ይሰላል። ልጁ በመለሰ ቁጥር ግምቱ ከፍ ዝቅ ይላል። ብዙ ጊዜ 95 በመቶ ሲደርስ ልጁ ችሎታውን ጨብጧል ተብሎ ወደ ሌላ ይታለፋል።

የዚህ ዘዴ ብልሃቱ ሁለት ነገሮችን አስቀድሞ ማሰቡ ነው። አንደኛው ሳያውቁ መመለስ ነው። አራት ምርጫ ያለው ጥያቄ ላይ ዓይኑን ጨፍኖ የሚነካ ልጅ እንኳ ከአራት አንዱን ያገኛል። ሁለተኛው እያወቁ መሳሳት ነው። ጣቱ ይስታል፣ ሐሳቡ ይሄዳል፣ ይደክመዋል። አንድ ትክክል መልስ ዕውቀት ነው ማለት አይደለም። አንድ ስህተትም አለማወቅ አይደለም። ጌሙ ከአንድ መልስ ተነስቶ ደረጃውን ዘጭ የሚያደርግ ከሆነ ይህን አላሰበበትም ማለት ነው።

ይህ ችግር ለየኔታም አዲስ አልነበረም። ሀ ሁ ሂ ሃ ብሎ በዜማ የሚወርድ ልጅ ፊደሉን ለይቶ ላይሆን ይችላል፤ ቅደም ተከተሉን ሸምድዶ ሊሆን ይችላል። አቡጊዳ የፊደሉን ተራ ያፈርሰዋል። አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ እያለ በየመስመሩና በየድምፁ እየዘለለ ይሄዳል። ዜማው የማያድነው ልጅ እዚያ ላይ ይታወቃል። ጥሩ የትምህርት ጌም የሚያደርገውም ይህንኑ ነው። አንዱን ችሎታ ከተለያየ አቅጣጫ ይጠይቃል፤ የምርጫውን ቦታ ይለዋውጣል፤ ልጁ መላ መቶ እንዳያልፍ ያደርጋል። ብዙ የስልክ ጌሞች ይህን አይሠሩም።

መላ መምታቱ ቀላል ነገር አይደለም። ራያን ቤከር የተባለ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር በ2004 ባሳተመው ጥናት፣ ፍንጭ መስጫውን ቶሎ ቶሎ እየጫኑ መልሱ እስኪወጣ የሚጠብቁ ተማሪዎች ከሌሎቹ ያነሰ እንደተማሩ አሳይቷል። ጌሙ ነጥብ ይሰጣቸዋል። ኮከቡም ይበራል። ዕውቀቱ ግን የለም።

ምን ያህል ይክበድ?

ጥያቄው በጣም ከቀለለ ልጁ ይሰለቻል። በጣም ከከበደ ይተወዋል። መሀሉ የት ነው?

የኔዘርላንዱ ጌም ልጁ ራሱ እንዲመርጥ ያደርጋል። ቀላል ካለ ከአሥር ዘጠኙን ያህል የሚመልሰው ይመጣለታል። መካከለኛ ካለ ከአራት ሦስቱን። ከባድ ካለ ከአሥር ስድስቱን። በዚሁ ጌም ላይ በ2013 የወጣ አንድ ጥናት የሚያስገርም ነገር አሳየ። ብዙ ጊዜ የሚሳካላቸው ልጆች ብዙ ጥያቄ ሠሩ። በሒሳብ የተሻሻሉትም በዋናነት ብዙ ስለሠሩ ነው። ከባድ ጥያቄ በራሱ ልጅን አያጎለብትም ማለት ነው። ልጁ ቆይቶ መሥራቱ ነው ዋናው።

ይህ ግኝት ሁለት ስለት አለው። ልጅ ቶሎ ተስፋ እንዳይቆርጥ ማድረግ ለትምህርቱ ይጠቅማል። የመዝናኛ ጌም ሠሪዎችም ይህን ከድሮ ጀምሮ ያውቁታል። ተጫዋቹ ሦስት አራት ጊዜ ሲሞት ጠላቶቹን ያደክሙለታል፤ እንዲቀጥል። ዓላማው ማቆየት ነው። የትምህርት ጌም ይህን ዘዴ እንዳለ ሲወስድ አደጋ ይመጣል። ልጁ ክፍልፋይ ላይ ሲሳሳት ጌሙ ወደ መደመር ይመልሰዋል። ልጁ ደስ ይለዋል፣ ይቆያል፣ ኮከብ ይሰበስባል። ክፍልፋዩ ግን እዚያው ቀረ። ለትምህርት የሚስተካከል ጌም ልጁ ሲሳሳት ማቅለል ብቻ አይበቃውም። ለምን እንደተሳሳተ መጠየቅ አለበት። ½ እና ⅓ ሲደመሩ ⅖ ነው ያለ ልጅ የላዩን ከላይ፣ የታቹን ከታች እየደመረ ነው። ይህ የታወቀ የስህተት ዓይነት ነው። የሚያስፈልገው ቀላል ጥያቄ ሳይሆን ሁለቱን ክፍልፋዮች በሥዕል ጎን ለጎን የሚያሳይ ማብራሪያ ነው።

ሌላም የሚያሳስብ ነገር አለ። ጌሙ አንድን ልጅ መጀመሪያ ላይ ዝቅ አድርጎ ከገመተው ቀላል ቀላሉን ያመጣለታል። ቀላሉን መመለስ ደግሞ ነጥብ ብዙም አይጨምርም። ልጁ የሚችለውን የሚያሳይበት ዕድል ሳያገኝ ታች ሊከርም ይችላል። ተቺዎች እዚህ ላይ የሚያነሱት ስጋት ተገቢ ነው። ደካማ የተባለው ልጅ ለዘላለም የደካማ ትምህርት ይሰጠዋል ይላሉ። መፍትሔው ከባድ አይደለም፤ በየጊዜው ከበድ ያለ ጥያቄ ጣል እያደረጉ ግምቱን መፈተሽ ነው። ይህን የሚያደርግ ግን የገባው ሠሪ ብቻ ነው።

ነገሩ ወደ ፊደላችን ሲመጣ

አብዛኛው ስሌት የተሠራው ለእንግሊዝኛና ለሒሳብ ነው። ሒሳብ ብዙም ችግር የለውም፤ 7 ሲባዛ በ8 ደሴም ሆነ ደብሊን ያው ነው። ንባብ ላይ ግን ስሌቱን እንዳለ አምጥቶ አማርኛ ላይ መለጠፍ ልጅን ይጎዳል።

አንድ የተለመደ የፊደል ጌም እናስብ። ድምፅ ያሰማል፣ ልጁ ፊደሉን ይነካል። ጌሙ «ሀ» አለ። ልጁ ሐን ነካ። ጌሙ ቀይ አበራ። ልጁ ግን አልተሳሳተም። ለዚያ ድምፅ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ ሁሉም ትክክል ናቸው። ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀም እንዲሁ። ጌሙ የማይስተካከል ቢሆን ጉዳቱ አንድ ቀይ መብራት ነው። የሚስተካከል ሲሆን ይብሳል። ስህተቱን መዝግቦ ልጁ ሀን አያውቅም ይላል፤ ወደ ኋላ መልሶም የሚያውቀውን ያስተምረዋል። ልጁ ደግሞ ጆሮውን መጠራጠር ይጀምራል።

ሁለተኛው ነገር የፊደሉ አሠራር ነው። 33 ሲባዛ በ7፣ 231 ፊደል አለን። ሠሪው እያንዳንዱን እንደ ራሱን የቻለ ችሎታ ከቆጠረው ልጁ 231 ጊዜ ከዜሮ ይጀምራል። ይህ ስህተት ነው። ለ፣ ሉ፣ ሊ እና ቀ፣ ቁ፣ ቂን ያወቀ ልጅ በን ካሳዩት ቡንና ቢን ገምቶ ሊያገኝ ይችላል። የካዕቡ ጭረት ወገቡ ላይ፣ የሣልሱ እግሩ ላይ፣ የኃምሱ ቀለበት መሆኑ ገብቶታል። ጌሙ ይህን መቁጠር አለበት፤ «ካዕብን ማወቅ» እና «የበን መልክ ማወቅ» ሁለት የተለያዩ ችሎታዎች ናቸው። ሥርዓቱ የሚፈርስባቸውን ደግሞ ለይቶ መያዝ ያስፈልጋል። ሩ እና ፉ እንደሌሎቹ ካዕቦች አይደሉም። ሳድሱ ራሱ ወጥ መልክ የለውም፤ ል፣ ብ፣ ት፣ ን፣ ር ብትደረድሯቸው አንድ ሕግ አታገኙላቸውም። ልጁ ብዙ መለማመድ የሚፈልገው እዚህ ጋ ነው። ነ እና ኘ፣ ጠ እና ጨ ደግሞ ዓይን ላይ ይመሳሰላሉ። ልጁ ጠን ሲጠየቅ ጨን ከነካ ፊደሉን አያውቅም ማለት አይደለም፤ አምታቶታል። ለማምታታት የሚሰጠው ልምምድ ሌላ ነው፤ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ ማለያየት።

ንባቡም የራሱ ጣጣ አለው። መጥበቅና መላላት አይጻፍም። «አለ» ብቻውን ከተጻፈ «ተናገረ» ማለትም ይሆናል፣ «ይገኛል» ማለትም ይሆናል። «ገና» በዓሉም ነው፣ ያልደረሰውም ነው። የልጁን ድምፅ ቀርጾ የሚገመግም ጌም ዐውደ ንባብ ሳይሰጥ ቃሉን ብቻ ካመጣ የፈረደው ፍርድ ዋጋ የለውም።

ልጁ ከየት እንደመጣም መታሰብ አለበት። ደብረ ማርቆስ ያለ የስድስት ዓመት ልጅ ቋንቋውን ያውቃል፤ የቀረው ፊደሉ ነው። ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለ የአሥር ዓመት ልጅ በእንግሊዝኛ አቀላጥፎ ያነባል፤ እናቱ በአማርኛ ስታወራው ይሰማል፣ መልሱ በእንግሊዝኛ ነው። ማንበብ ምን እንደሆነ ገብቶታል። የጎደለው ቃሉና ፊደሉ ነው። እስራኤል ያለው ደግሞ ከቀኝ ወደ ግራ፣ አናባቢ በአብዛኛው የማይጻፍበት ጽሕፈት ለምዶ ነው የሚመጣው። ሦስቱን «ጀማሪ» ብሎ ከሀ የሚያስጀምር ጌም አልተስተካከለም። የአሥር ዓመቱን ልጅ ለስድስት ዓመት ልጅ በተሠራ ሥዕልና ዘፈን ማስጀመርም ያሳፍረዋል፤ ሁለተኛ አይከፍተውም።

ማስረጃው የት ድረስ ይሄዳል?

ከዴልሂው ጥናት እንጀምር። ማይንድስፓርክ የሚባል ለልጁ ደረጃ የሚስተካከል ሶፍትዌር ያለበት የማስጠኛ ማዕከል ለአራት ወር ተኩል በዕጣ ለተመረጡ ልጆች በነፃ ተሰጠ። በሒሳብ መሀል ላይ የነበረ ልጅ ከመቶ ወደ 64ኛ ገደማ፣ በሂንዲ ወደ 59ኛ ገደማ ከፍ አለ። ለዚህ ያህል አጭር ጊዜ ይህ ጠንካራ ውጤት ነው። ሲጠቀስ የሚዘለል ነገር ግን አለ። ልጆቹ ማዕከሉ ውስጥ ከሚያሳልፉት ጊዜ ግማሹ ኮምፒውተር ላይ ነበር። ግማሹ በትንሽ ቡድን ከረዳት መምህር ጋር ነበር። ሰው ነበረበት።

ሰው ሳይኖርስ? ይህን የፈተነው በ2014 የተጀመረው የ15 ሚሊዮን ዶላር የግሎባል ለርኒንግ ኤክስፕራይዝ ውድድር ነው። ታንዛኒያ ታንጋ አካባቢ ባሉ 170 መንደሮች ለሦስት ሺህ የሚጠጉ ልጆች ታብሌት ተሰጠ። ቋንቋው ስዋሂሊ ነበር። መምህር የለም። ታብሌቱ በፀሐይ ኃይል ይሞላል። በ15 ወር ውስጥ፣ መጀመሪያ አንድ የስዋሂሊ ቃል ማንበብ የማይችሉት ከ90 በመቶ በላይ የነበሩት ልጆች ቁጥር በግማሽ ወረደ። በ2019 ዋናውን ሽልማት ኪትኪት ስኩልና ዋንቢሊዮን የተባሉት ተካፈሉት። ደጋፊዎች ይህን እንደ ድል ያዩታል፤ ልክ ናቸው። ተቺዎች ደግሞ ከ15 ወር በኋላ ግማሽ ያህሉ አሁንም አንድ ቃል አያነቡም ይላሉ፤ እነሱም ልክ ናቸው። እኔ የማነበው እንዲህ ነው፦ ትምህርት ቤት ለሌለበት ቦታ ከምንም በእጅጉ ይሻላል፤ መምህር ባለበት ቦታ መምህሩን አይተካም።

የእኛንም አገር የሚነካ ታሪክ አለ። በ2012 ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ የሚመራው «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ» ድርጅት ወንጪና ወለንጪቲ አካባቢ ባሉ ሁለት መንደሮች ላሉ ጥቂት ልጆች ታብሌት ሰጥቶ ነበር። ልጆቹ ያለ ማንም እርዳታ ከፍተው እንደተጠቀሙ፣ የተዘጋውን ካሜራም እንዳስከፈቱ ኔግሮፖንቴ ተናግሮ ዓለም ተደነቀ። ታብሌቱ ላይ የተጫነው ግን እንግሊዝኛ ነበር። የልጆቹ ብልሃት የሚያስደንቅ ነው። ብልሃታቸው በቤታቸው ቋንቋ ንባብ ላይ ቢውል የት ይደርስ እንደነበር ግን ሙከራው አላሳየንም።

ስልኩ የማን ነው?

የጌሙ ግምት የሚሠራው አንድ ልጅ አንድ መሣሪያ ሲይዝ ነው። ብዙ ቤት ውስጥ ግን ስልኩ የእናት ነው። ጠዋት ትልቁ፣ ማታ ትንሿ ይጫወቱበታል። አንዳንዴ አክስትም ትሞክራለች። ጌሙ የሦስቱን መልስ አንድ ላይ ደምሮ ለማንም የማይሆን ደረጃ ያወጣል። ለየልጁ በሥዕል ወይም በስም የሚለይ መግቢያ የሌለው ጌም እዚህ አገር አይሠራም። ይህ ለሠሪ የአንድ ቀን ሥራ ነው።

መረጃውስ ወዴት ይሄዳል? ልጅን ለመገመት ጌሙ ብዙ ነገር ይመዘግባል። የት እንደተሳሳተ፣ ስንት ሰከንድ እንደፈጀበት፣ በስንት ሰዓት እንደተጫወተ። ሂዩማን ራይትስ ዎች በ2022 በ49 አገሮች መንግሥታት የተመከሩ የትምህርት አፖችንና ድረ ገጾችን መርምሮ ነበር። 89 በመቶው የልጆችን መብት አደጋ ላይ የሚጥል ወይም የሚጥስ የመረጃ አያያዝ እንዳላቸው አሳውቋል። ብዙዎቹ ለማስታወቂያ ድርጅቶች ይሰጡ ነበር። ኢትዮጵያ አሁን የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 (ይህኛው ዓመት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) አላት። ሕጉ መውጣቱ ጥሩ ነው፤ ለሕፃናት አፕ ሠሪዎች በተግባር ምን እንደሚጠይቅ በግልጽ መነገር አለበት። ለመስተካከል ሲባል መረጃ ከስልኩ መውጣት የለበትም። ስሌቱ እዚያው ስልኩ ላይ ሊሠራ ይችላል። ካልላክነው አይሠራም የሚል ሠሪ ምክንያቱን ያስረዳ።

ቻትጂፒቲ ይህን አልለወጠውም?

በኅዳር 2022 ቻትጂፒቲ፣ ከሰው ጋር በጽሑፍ የሚያወራው ፕሮግራም፣ ከወጣ ወዲህ ልጁ የጻፈውን አይቶ መልስ የሚሰጥ አስጠኚ መሥራት ቀሏል። በኢንተርኔት የሚያስተምረው ካን አካዳሚ በ2023 ካንሚጎ የተባለውን አስጠኚ ይዞ መጣ። ማብራራትና ምሳሌ መለዋወጥ ላይ ትልቅ እርዳታ ነው። ግን ማውራትና ማወቅ ይለያያሉ። እንዲህ ያለው ሞዴል ልጁ ከሦስት ሳምንት በፊት የቱ ላይ እንደተምታታ የሚይዝ መዝገብ በራሱ የለውም። ያንን የሚይዘው ከላይ ያየነው ተራ ስሌት ነው። ሁለቱ ሲጣመሩ ጥሩ ነገር ይወጣቸዋል። በአማርኛ ደግሞ ተጨማሪ ወጪ አለ። ሞዴሎቹ ጽሑፍን ቆራርጠው ነው የሚያነቡት። የአማርኛ ቃል ከእንግሊዝኛው የበለጠ ይቆራረጣል፤ ስለዚህ ይዘገያል፣ ዋጋውም ይጨምራል፣ ስህተቱም ይበዛል። ልጅ ፊት ከማቅረብ በፊት አማርኛውን የሚያርም ሰው ያስፈልጋል።

ከዚህ ወዴት?

አሁን ባለው አካሄድ የሚሆነውን መገመት አይከብድም። በደንብ የሚስተካከሉት ጌሞች እንግሊዝኛ ላይ ይበዛሉ፤ ምክንያቱም የልጆች መልስ የተከማቸው እዚያ ነው። አቅም ያለው ወላጅ እነሱን ይገዛል። ልጁ እንግሊዝኛውን ይለምዳል። አማርኛው፣ ይበልጡኑ ደግሞ አፋን ኦሮሞው፣ ትግርኛው፣ ሲዳምኛውና ሌሎቹ ከሰማንያ በላይ ቋንቋዎች ፊደል ከሚያዘፍን አፕ አያልፉም።

ስሌቱ ግን ምስጢር አይደለም። በታንዛኒያው ውድድር ለመጨረሻው ዙር የደረሱት አምስቱም ሶፍትዌሮች ማንም እንዲጠቀምባቸው በነፃ ተለቅቀዋል። የሚጎድለን የእኛ የሆነው ነው። የትኛው ፊደል ከየትኛው ጋር ልጅን ያምታታል? የትኛው ሳድስ ከየትኛው ይከብዳል? አንደኛ ክፍል ያለ ልጅ የትኛውን ቃል ቀድሞ ያነባል? መምህራን ይህን በልምድ ያውቁታል፤ ተጽፎ ግን ሠሪ እጅ አልገባም። ጥቂት ትምህርት ቤቶች፣ አንድ ዩኒቨርሲቲና ውጭ ያሉ የሰንበት አማርኛ ክፍሎች ተባብረው የልጆችን መልስ ያለ ስም ቢሰበስቡ፣ 231ዱ ፊደሎች እያንዳንዳቸው ምን ያህል እንደሚከብዱና ከማን ጋር እንደሚምታቱ የሚያሳይ አንድ ሰንጠረዥ ይወጣል። ሰንጠረዡ ለሁሉም ክፍት ከሆነ ጌም የሚሠራ ወጣትም፣ መጽሐፍ የሚያዘጋጅ ባለሙያም፣ ሰሌዳና ጠመኔ ብቻ ያለው መምህርም ይጠቀምበታል።